በስልክ የተገኘ ጓደኛ፦ ከመሃል አዲስ አበባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ የቴሌግራም የንባብ ግሩፕ አድሚን ከሆንኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ግሩፑ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ከ16 እስከ 25 ዓመት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የቻለ አራት ኪሎ ይመጣል፣ ያልቻለ በቮይስ ይከታተላል። ስለ መጽሐፍ ሊጠይቁኝ ኢንቦክስ የሚገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። የሚበዛው ጥያቄ ስለ ጓደኛ ነው፦ እንዴት ይገኛል፣ ይታመናል ወይ፣ የት እናግኘው፣ ሲጠፋስ? ከልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከእናቶችም ይመጣል። ያንኑ መልስ በየሳምንቱ ከምጽፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

በስልክ የተዋወቅኩት ሰው ጓደኛ ይባላል?

ይባላል፤ ወዲያው ግን አይደለም። እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ምንም በሌለበት ቀን ይጽፍላችኋል ወይ? ልደት ሳይሆን፣ ፈተና ሳይሆን፣ እንዲሁ ማክሰኞ ቀን። "የታክሲው ሰልፍ ተጠምዝዞ ሱቁ በር ላይ ደርሷል፣ ዛሬ ቤት አልገባም" ብሎ ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ለእኔ ኬክ ስቲከር ከሚያዘንብ መቶ ሰው ይበልጣል።

ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ የሚያውቁት ሰው ቀለል ያለ ጓደኛ እስኪሆን 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል ብሏል። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ነገሩ ግን ገባኝ። እኔ ልጅ ሆኜ 200 ሰዓት ማለት የአንድ ክረምት ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ነበር፤ ሳይታወቀን ያልቃል። በስልክ ግን እያንዳንዷ ሰዓት ታስቦባት ነው የምትሞላው፣ ያውም ጥቅል ተገዝቶ።

"የስልክ ጓደኛ ምኑ ጓደኛ ነው" የሚሉ አባቶች ካሉ ደግሞ የራሳቸውን ዘመን ላስታውሳቸው። የብዕር ጓደኛ ሲባል ማንም አልሳቀም። ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጽሔት ላይ ይወጣና አንዱ ከአሰላ፣ አንዷ ከፒያሳ ይጻጻፋሉ፤ መልሱ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ፎቶ የሚላከው በስንተኛው ደብዳቤ ነው። ዛሬ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ጥሩም መጥፎም አምጥቷል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚተዋወቁት የት ነው?

ብዙ ወላጅ "ፌስቡክ ላይ" ይላል። ፌስቡክ ላይ የቀረነው እኛ ሠላሳን ያለፍነው ነን። ከ20 በታች ያለው ልጅ ቲክቶክ ላይ ይስቃል፣ ቴሌግራም ላይ ይኖራል።

ሲጀመር እንዲህ ነው። አንዱ የሆነ ቪዲዮ ሥር ኮመንት ይጽፋል። አንዷ በኮመንቱ ትስቅና ሪፕላይ ታደርጋለች። በሌላ ቀን በሌላ ቪዲዮ ሥር ይገናኛሉ፤ "አንተ ደግሞ እዚህም አለህ?" ትለዋለች። በሦስተኛው "ቴሌግራም አለሽ?" ይመጣል። ያቺ ጥያቄ ዱሮ "ቤታችሁ በየት በኩል ነው?" የምንላት ናት።

ኳስም አለ። በአርሰናልና በማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ግሩፕ ውስጥ በስድብ ተጀምሮ በሚዜነት ያለቀ ጓደኝነት አውቃለሁ። የቅዱስ ጊዮርጊስና የቡና ደጋፊም እንደዚያው ነው። ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚባሉ የስልክ ጌሞች አሉ፤ የመዝሙርና የመንዙማ ግሩፖች አሉ፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወርክሺት የሚለዋወጡባቸው ግሩፖች አሉ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፊዚክስ ሲያቅተው "ማን ነቅቷል?" ብሎ ለጻፈ ልጅ መልስ የሚሰጠው ያው ነቅቶ ያለው ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ፍሬሽማኖቹን ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ማግስት፣ ሻንጣ እንኳ ሳይገዛ፣ "የዘንድሮ ጎንደር"፣ "የዘንድሮ ሐዋሳ" እየተባለ ግሩፕ ይከፈታል። አንዱ ከሽሮ ሜዳ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፤ በአንድ ከተማ አድገው ተያይተው አያውቁም። ግቢውን ሳያዩት አንዱ ካውያ፣ አንዱ ኤክስቴንሽን ሊይዝ ይከፋፈላሉ። መልክ ለመልክ የሚተያዩት መናኸሪያ ነው፣ እናቶቻቸው እያለቀሱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል፤ እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ የሚገኘው ጭብጨባና ስድብ ነው። የእኛ ግሩፕ 900 ያህል ሰው አለው፤ በየቀኑ የሚያወራው 40 አይሞላም። ጓደኛ የሆኑት በሙሉ ከዚያ 40 ውስጥ ናቸው። ጓደኛ የምትፈልጉ ከሆነ ጠበብ ያለ ቤት ፈልጉ፤ ስትጠፉ "የት ሄደ?" የሚባልበት።

ለምን የሰፈራቸውን ልጆች አይተዋወቁም? እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው።

የእናቶች ጥያቄ ነው። ሁልጊዜም መልሴ በጥያቄ ነው የሚጀምረው፦ የቱን ሰፈር?

እኔ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። አንድ ግቢ፣ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ። ጓደኛ አይፈለግም ነበር፤ በር ሲከፈት ተኮልኩሎ ይገኛል። ቀስ በቀስ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ ሄደ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተጀመረ፤ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ደረሰ፤ ከእኛ ሰፈር ብዙው ሰው ገላን ጉራ ገባ። አስፋልቱና መብራቱ አምሯል፤ ማታ በእግር ስሄድበት ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ቧንቧው የነበረበትን ቦታ ግን እስካሁን በትክክል ላገኘው አልቻልኩም።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ተብሎ ነው ያደግነው። የቅርቡ ጎረቤት ራሱ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሲሆን ምን እንደሚባል አልተተረተም። ሰፈሩ ፈርሶ ግሩፑ ቀረ። ማን ልቅሶ እንደገባበት፣ ዕድሩ ድንኳኑን የት እንደሚተክል፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች የምንሰማው በቴሌግራም ነው። አንዳንዴ ጠዋት አንዱ "ውሃ መጥታለች፣ ጀሪካን አውጡ" ብሎ ይጽፋል፤ እንስቃለን፣ ከዚያ ዝም እንላለን።

ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የ15 ዓመት ልጅ ጎረቤቱን የሚያየው ደረጃ ላይ ውሃ ተሸክሞ ሲወጣ ነው። ሰላምታ ይሰጠዋል። ስሙን አያውቀውም። ስልኩ ውስጥ ግን አዳማ ያለ የሱን ሙዚቃ የሚወድ ልጅ አለ። ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

"ሰላም" ብዬ እጽፋለሁ፤ ማንም አይመልስልኝም።

"ሰላም" ብቻ አትጻፍ። ለማታውቃት ልጅ "ሰላም"፣ ቀጥሎ "እንዴት ነሽ"፣ ቀጥሎ "?" መላክ በር አንኳኩቶ ሲከፈት ዝም ብሎ መቆም ነው። ሰውየው የጻፈውን አንብብና ስለዚያው ጻፍ፦ "ትናንት ያልሽው ካፌ ሄድኩ፤ ኬኩ እውነትሽን ነው፣ ማኪያቶው ግን ውሃ ነው" ይበቃል። ጽፈህ ተወው። ሁለት ጊዜ ካልተመለሰልህ ተመልሶልሃል።

መልእክቴን አይቶ ዝም አለ። ተቀይሞኝ ነው?

ምናልባት ጥቅሉ አልቆ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት ማለት መልእክቱ ሄዷል፣ ሁለት ማለት ተነቧል ነው፤ "ገብቶታል፣ አስቦበታል፣ ንቆኛል" የሚል ምልክት አልተሠራም። እኔ ራሴ ሽንኩርት እያቁላላሁ አንብቤ በሳምንቱ ያስታወስኩት መልእክት አለ። አንድ ቀን ጠብቁ። ከዚያ ሌላ ወሬ ጀምሩ፤ "ለምን አልመለስክም" ብሎ የጀመረ ውይይት ሲያምር አላየሁም።

ሰውየው ነኝ ያለውን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ድምፅ ይሻላል፤ ከድምፁም ከጀርባው ያለው።

ግሩፓችን ውስጥ "ቶሮንቶ ነው የምኖረው" የሚል ልጅ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ አንባቢ። የበረዶ ፎቶ ይልካል፣ ስለ ባቡሩ ያወራል። ሁሉም ወደደው፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ ከመውደድም አለፍ ብለው ነበር። አንድ ማታ ስለ ብርዱ የ40 ሰከንድ ቮይስ ላከ። ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያወራው። ከጀርባው ወለል ብሎ፣ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት! አንድ ሰው የቀረው!"

ግሩፑ ጸጥ አለ። "እየጻፈ ነው" የሚለው ብቻ ከላይ ይመጣል ይጠፋል። ከዚያ አንዷ፣ "ከቶሮንቶ ሜክሲኮ ታክሲው ስንት ነው?" ብላ ጻፈች።

ልጁ በዚያው ወጣ። ከወር በኋላ ኢንቦክስ ገብቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለገሃር አካባቢ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፤ የሚያነበውን መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እየተከራየ ነው። "ሱቅ ነው የምውለው ብል ማን ያዋራኛል ብዬ ነው" አለኝ። ስለዚህች ቃል ብዙ አስቤያለሁ። ውሸቱን ሳላደንቅ፣ ውሸቱ ያላስፈለገበት ግሩፕ ሠርተን ቢሆን ኖሮ ብዬ። መልሼ አስገባሁት። አሁንም ይመጣል፤ ቅጽል ስሙ ቶሮንቶ ሆኖ ቀርቷል፣ ራሱም በዚያ ነው የሚጠራው።

ጆሴፍ ዋልተር የሚባል የተግባቦት ምሁር በ1996 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር እዚህ ላይ ይረዳል። በጽሑፍ ብቻ ስንገናኝ ጸሐፊው የሚያምረውን መርጦ፣ አርሞ ይልካል፤ አንባቢው ደግሞ የጎደለውን በምኞቱ ይሞላዋል። ስለዚህ ያላየነው ሰው ከምናየው ይልቅ የሚገባን፣ የሚያምርብን ይመስላል። ከላይ ስለ ፍጥነት ያልኩት ይሄ ነው፤ የብዕር ጓደኛ በሦስት ሳምንት አንዴ ነበር የሚታለመው፣ ይሄኛው በቀን ሃምሳ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ በቪዲዮ ተደዋወሉ። አንድ ቀን ካሜራው ሊበላሽ ይችላል፤ ሦስት ወር ሙሉ የተበላሸ ካሜራ ግን አላውቅም። ተራ ነገር ጠይቁ፦ ምሳ ምን በላህ፣ ዛሬ ዝናብ ነበር? ዋሾ ሰው ትልልቁን ነገር አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ምሳው ላይ ይያዛል። ደግሞ ከሌሎች ጓደኞቻችሁ ሊለያችሁ የሚጣደፍ ሰው ከመጣ፣ እውነተኛ ስሙ ቢሆንም እንኳ ራቁት።

ካርድ ላክልኝ፣ ብር አበድረኝ አለኝ።

አትላክ። ይህን የምለው ተበልቼ ነው።

19 ዓመቴ ላይ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ደቂቃ እያስቆጠርኩ የማወራው "ጓደኛ" ነበረኝ። እናቱ ሆስፒታል ገቡ፤ 50 ብር ካርድ ፍቄ ቁጥሩን ጻፍኩለት። ባሰባቸው፤ ሁለተኛ 50። ሦስተኛው ላይ ካርዱን ስፍቅ ያየችኝ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ "አንቺም እናቱን እያሳከምሽ ነው?" አለችኝ። ከእኔ ሌላ ሁለት ልጆች እዚያው ቤት እየመጡ ያሳክሟቸው ነበር።

አሁን ካርድ መፋቅ ቀርቶ ቴሌብር አለ፤ ከግንቦት 2013 ወዲህ ብር መላክ ከስቲከር መላክ እኩል ቀሏል። ስለዚህ ፊቱን ላላየሁት ሰው አልልክም የሚል ደንብ ያዙ፤ የሚያሳፍር ደንብ አይደለም። የምታውቁት ጓደኛ አካውንት በድንገት "ቸገረኝ፣ አሁኑኑ" ካላችሁ በመደበኛ ስልክ ደውሉለት። አካውንቱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። በኤስኤምኤስ የመጣላችሁን ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ቴሌግራም ላይ ተጨማሪውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ክፈቱት።

ወንድና ሴት በስልክ ጓደኛ ብቻ መሆን ይችላሉ?

ይችላሉ። ከግሩፓችን ሦስት ትዳር መውጣቱንም አልክድም።

መጀመሪያ ቀን የት እንገናኝ?

ባለፈው ጥቅምት ያየሁትን ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ታክሲ ወርጄ፣ ሐውልቱ ጋ ሌሎቹን እየጠበቅኩ ነው። አንድ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ልጅ፣ ሰባት እርምጃ ራቅ ብላ ቦርሳዋን ከፊት የታቀፈች ልጅ፤ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። በኋላ ስክሪንሾቱን አሳዩኝ።

"ደርሻለሁ።"
"እኔም።"
"የቱ ጋ?"
"ሐውልቱ ጋ።"
"እኔም ሐውልቱ ጋ ነኝ፣ የለህም።"
"አለሁ፣ የለሽም።"

አምስት ወር በየቀኑ ያወሩ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ቀድመው ተያይተዋል፤ ያጡት ድፍረት ነው። በመጨረሻ ልጁ ደወለ። ስልኳ ከጀርባው ጠራ። ሳትዞር አነሳችው፤ "ሄሎ?" "ዞር በይ።" "አንተ መጀመሪያ ዞር በል።" ሰባት እርምጃ ላይ ቆመው ሁለት ደቂቃ ያህል በስልክ አወሩ። አጠገባቸው ሶፍት የሚሸጠው ልጅ፣ "አቦ ካርዳችሁን አትጨርሱ!" ባይላቸው ኖሮ እስካሁንም እዚያው ነበሩ።

እንግዲህ ምክሬ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው በሚበዛበት፣ ታክሲ በማይጠፋበት ቦታ። ቤት አይሆንም፤ "በመኪና መጥቼ ልውሰድሽ"ም አይሆንም። አንድ ጓደኛ አብሮ ቢመጣ ነውር የለውም፤ የት እንደሄዳችሁ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ከተከፈተ ወዲህ የብዙዎቹ መገናኛ እሱ ነው፤ ጮክ ብሎ ማውራት አለመፈቀዱ ለዓይን አፋር ልጆች ትልቅ ውለታ ነው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ጥፋት አይቆጠርባቸውም። ደፈር ያላችሁ ፒያሳ ቶሞካ ግቡ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ቡናው ቆሞ ስለሚጠጣ ካልተግባባችሁ በአሥር ደቂቃ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ፣ ከተግባባችሁ ደግሞ ቸርችልን ቁልቁል እያወራችሁ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መቀመጥም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰዓት ስትቀጥሩ ደግሞ "በሀበሻ" በሉ። ስልካችሁ 2:00 እያለ እናንተ 8 ሰዓት ነው የምትሉት። ለክረምት ከአሜሪካ የመጣች አንዲት ልጅ "8 ሰዓት" ብለናት ጠዋት በ2 ሰዓት ደርሳ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድማን ማለት ነው።

ሂሳብን በተመለከተ፦ የየራሳችሁን ክፈሉ፤ ከመገናኘታችሁ በፊትም ተነጋገሩበት። "በሞቴ እኔ ልክፈል" እያለ የመመለሻ ታክሲ አጥቶ ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሩ የወጣ ጀግና አለን።

ሴት ነኝ፤ ኢንቦክሴ በማላውቃቸው ሰዎች ተሞልቷል።

የሁሉም ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊ፤ ሰው በዩዘርኔም ብቻ ያግኝሽ። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባሽ እንደሚችልም እዚያው ላይ ወስኚ። በአቅራቢያ ያለን ሰው የሚያሳየው የቴሌግራም አገልግሎት በ2016 ማብቂያ ላይ ተነስቷል፤ እኔ በበኩሌ እሰይ ነው ያልኩት። ብሎክ ለማድረግ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብሽም። "ኮርተሻል" ይልሻል፤ ይበል።

ፎቶሽን ይዞ "እለቀዋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። አትክፈይው፤ የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል። ቻቱን ከመደምሰስሽ በፊት ስክሪንሾት ያዢ፣ ዩዘርኔሙና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ። ከዚያ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሪ፤ ለእናት መንገር ከከበደ ለአክስት፣ ለታላቅ እህት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ወንጀል አድርጎታል፤ ፖሊስ ጋ መሄድ ይቻላል። ሁለት ልጆች ይዤ ሄጃለሁ። የመጀመሪያዋን "አንቺስ ለምን ላክሽለት?" ብሎ የተቀበላት ሰው ነበር፤ ሁለተኛዋን የተቀበለችን ሴት ግን ወንበር ስባ አስቀምጣ፣ ውሃ ሰጥታ ነው የጠየቀቻት። ብቻሽን አትሂጂ የምለው ለዚህ ነው።

እናት ነኝ። ስልኩን ልቀማው?

እትዬ፣ አይቀሙት። ቢቀሙት የጓደኛውን ስልክ ይዋሳል፤ ያኔ እርስዎ ምንም አያዩም።

ዕድሜውን ግን ይጠይቁ። ፌስቡክም ቲክቶክም ከ13 ዓመት በታች አይፈቅዱም፤ ቲክቶክ ደግሞ ከ16 በታች ላለ ልጅ የግል መልእክት አይከፍትም። እኛ አገር አንድ አስቂኝ ነገር አለ፦ በ2003 የተወለደ ልጅ የራሱን ዓመት በቅንነት ሲሞላ መተግበሪያው እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርለታል። ልጁ አልዋሸም፤ ለቲክቶክ ግን ሙሉ ሰው ሆኗል።

ከዚያ እንደ ሰፈር ልጅ ይጠይቁት። የሰፈር ልጅ ቢሆን "የማን ልጅ ነው? የት ይማራል? አንድ ቀን ይምጣና ቡና እንጠጣ" አይሉም ነበር? ያንኑ ይበሉ። አንዲት እናት እንዲህ ብለው የልጃቸውን የጌም ጓደኛ ጠሩት። የመጣው የ17 ዓመት ልጅ፣ በሳሪስ በኩል የሚኖር፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ሄደ። እናትየው በኋላ ደውለውልኝ፣ "ከእኔ ልጅ እሱ ይሻላል" ብለው ሳቁ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ቁጥር ተለዋወጡና ደብተር ላይ ጻፉት። ደብተር ነው ያልኩት፤ ስልክ ይነጠቃል።

በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ነበር። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ከእኔ ከፍ ያሉት ደግሞ ከ1997 ምርጫ በኋላ ኤስኤምኤስ እንኳ እስከ ሚሌኒየሙ እንዳልነበረ ያስታውሳሉ። በ2012ቱ ጊዜ በዩዘርኔም ብቻ የማውቃት ልጅ ነበረችኝ፤ በየማታው የምታነበውን ትነግረኝ ነበር። ሲከፈት አካውንቷ የለም። ስልኳ ጠፍቶ ይሁን፣ አግብታ ይሁን፣ ጠልታኝ ይሁን አላውቅም። ያነበበችውን መጽሐፍ መጨረሻ ሳትነግረኝ ነው የቀረችው፤ እኔም እስካሁን አልጨረስኩትም።

ሦስት ዓመት አወራን፤ ሳንገናኝ ብንቀርስ?

ግሩፓችን ውስጥ አንዲት ልጅ ጅማ ያለ ጓደኛ አላት። እሷ ሥራ፣ እሱ ትምህርት፤ ሳይገናኙ አራተኛ ዓመታቸው ነው። አምና እናቷ አረፉ። እኛ ልቅሶ ደረስን፣ ሦስት ቀን አስተዛዘንን፣ ከዚያ እንደ ሁሉም ሰው ወደየጉዳያችን ተመለስን። እሱ ግን በየማታው ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላል። አንዳንዴ ምንም አያወሩም፤ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እሱ ያጠናል፣ ስልኩ ክፍት ነው።

ለአርባው ከጅማ በአውቶቡስ በማዳበሪያ የታሰረ አሥር ኪሎ ቡና ላከ። ላዩ ላይ የሷ ስልክ ቁጥርና የሱ ስም ብቻ ነው ያለው። ቤት ውስጥ ያሉ ዘመዶች አገላብጠው አነበቡትና አክስቷ፣ "ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ። "የኔ ጓደኛ ነው" አለቻቸው። አክስትየው ጥቂት አሰቡ፤ "እንግዲህ ቁዪው" ብለው ምጣዱን ሰጧት።